ረጅሙ ዘንግ ለምን ረዘመ? ስለ ምላስ መበሳት የጠየቃችሁኝ

ሰላም ናችሁ የወሎ ልጆች! ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሶስቱ ስለ ምላስ መበሳት ስለሆኑ አንድ ላይ ልመልሳቸው ብያለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ እንደምን ኖት፣ የምጽፍሎት ከኮምቦልቻ ነው፣ 22 አመቴ ነው። ምላሴን መበሳት ከፈለኩ ቆየሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጆሮና አፍንጫ የምትበሳ ልጅ አግኝቼ በጆሮ መብሻው ማሽን ምላስም እበሳለሁ አለችኝ። ጓደኛዬ አዲስ አበባ ተበስታ ስትመጣ ግን ያስገቡላት ዘንግ (ሁለቱም ጫፉ ላይ ኳስ ያለው ጌጥ) በጣም ረጅም ነው፣ ስታወራ ከጥርሷ ጋር ይጋጫል፣ ስለዚ እኔ ከመጀመሪያውኑ አጭሩን ላስገባ? እናቴ ደሞ ሰምታ ምላስ ይበሳል እንዴ ብላ አኩርፋኛለች፣ እሷ ራሷ ግን ድዷን ተነቅሳለች። ሁዳዴም እየገባ ነው፣ ምንስ እበላለሁ?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ከዘንጉ ልጀምር ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚ ጋር ነው። ምላስ ጡንቻ ነው፣ ደምም ይበዛበታል፣ በተበሳ በሰዓታት ውስጥ ማበጥ ይጀምርና እስከ 3ኛ 4ኛው ቀን ድረስ እየጨመረ ይሄዳል፣ ከዛ ነው ቀስ እያለ የሚጎድለው። መጀመሪያ የሚገባው ዘንግ ከ18 እስከ 22 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ለዛ ነው፣ ትርፉ ለእብጠቱ የተተወ ቦታ ነው። ድሮ በሰራሁበት ክሊኒክ አንዲት ልጅ አጭር ዘንግ አስገብተውላት በ3ኛው ቀን መጣች፣ የታችኛዋ ኳስ ስጋዋ ውስጥ ሰምጣ አትታይም ነበር፣ አደንዝዘው ትንሽ ቀደው ነው ያወጡላት፣ ለቅሶዋ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ስለዚ ረጅሙን አስገቢ፣ እብጠቱ ሲጎድል ማለትም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ 16 ሚሊ ሜትር አካባቢ ባለው ታስቀይሪዋለሽ። ጓደኛሽ ከተበሳች ወር ካለፋት እሷም ትቀይር፣ ጥርስ የሚሸርፈው ሳይቀየር የቀረው ረጅም ዘንግ ነው።

በጆሮ መብሻ ማሽን ግን በፍጹም! ማሽኑ የጌጡን ጫፍ በጉልበት ገፍቶ ነው የሚያስገባው፣ ስጋውን ይጨፈልቀዋል፣ ጌጡም ለምላስ አይበቃም ያጥራል። ደሞ ብዙዎቹ ፕላስቲክ አላቸው፣ ኦቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ውስጥ ቢገቡ ይበላሻሉ፣ ስለዚ በአልኮል ጠረግ ተደርገው ነው ከሰው ወደ ሰው የሚዞሩት፣ አልኮል መጥረግ ደሞ የጉበት ቫይረስን ለመግደል አይታመንም። ምላስ የሚበሳው መሀሉ ክፍት በሆነ፣ አይንሽ እያየ ከማሸጊያው በሚወጣ፣ አንዴ ብቻ በሚያገለግል መርፌ ነው። የምትበሳሽን ልጅ ሳታፍሪ ጠይቂያት፦ መርፌው አዲስ ነው ወይ፣ የምላስ መያዣ መቆንጠጫውስ ጀርሙ በምን ተገደለ? በ121 ዲግሪ የታመቀ እንፋሎት ቢያንስ 15 ደቂቃ መቆየት አለበት፣ ድስት ላይ ማፍላት ያንን አይተካም። ዘንጉም ለሰውነት ውስጥ የሚሆን ቲታኒየም ቢሆን ይመረጣል፣ የገበያ ቅብ ጌጥ ቅቡ ሲለቅ ቁስሉን ያስቆጣዋል። ከተቆጣችሽ ወይ ከሸሸችሽ በቃ ተነስተሽ ውጪ፣ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር መሄድ ቢሆንም ይሻልሻል።

ሌላው ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ነው። ክትባቱ በአገራችን ለህጻናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም ነው፣ ያኔ አንቺ የሚከተቡበት እድሜ አልፎሽ ነበር፣ ስለዚ ምናልባት አልተከተብሽም። ሶስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፣ ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሶስተኛው በ6ኛው ወር። እኔ ብሆን ክትባቱን ጨርሼ ነበር የምበሳው። ስኳር ካለብሽ፣ ደም የሚያቀጥን መድሃኒት ምትወስጂ ከሆነ ወይ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ደግሞ ይቅር። መስታወት ፊት ቆመሽ ምላስሽን ወደ ላይ አንሺው፣ ከስር ግራና ቀኝ ሰማያዊ ደም ስሮች ታያለሽ፣ መሀል ለመሀል የሚበሳው እነሱን ለመራቅ ነው። ከስር ያለችው ማሰሪያ ክር እስከ ጫፍ ድረስ ከመጣች ምላስሽ ለዚህ አይመችም ማለት ነው፣ እሺ ብለሽ ተይው።

እናትሽን አትከራከሪያት። የድድ ንቅሳት ድሮ እንዴት እንደነበር ታውቀዋለች፣ በአንድ መርፌ የሰፈር ሴት ልጅ ሁሉ እየተሰለፈች ትወጋ ነበር፣ ያኔ ኤችአይቪም ሄፓታይተስም ማን ያውቃል። ማታ ቡና ሲፈላ አጠገቧ ቁጭ በይና መርፌው እንዴት እንደሆነ ንገሪያት፣ ያስፈራት ምናልባት እሱ ነው።

ምግብ ላይ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከፋሲካ በኋላ ብታደርጊው ይሻልሻል። እርጎና እንቁላል ስለማይበላ ነው እንጂ በጾምም ይቻላል፣ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ በርበሬ የሌለበት ቀጭን የምስር አልጫ። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ሎሚ፣ ቆሎ እስከ ሁለት ሳምንት አይነኩ፣ እንጀራም ጎምዛዛ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያቃጥልሻል። ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ መጠጣት ትችያለሽ ግን ቀዝቅዞ። ለእብጠቱ በረዶ ቁራጭ አፍሽ ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟ፣ ለኮምቦልቻ ሙቀትም ደስ ይላል፣ በረዶው ግን ከፈላ ውሃ የተሰራ ይሁን። ሆድሽን የማያምሽ ከሆነ አይቡፕሮፌን ህመሙንም እብጠቱንም ይቀንሳል፣ አስፕሪን ግን አትውሰጂ ያደማል።

ለመጉመጥመጫ ፈልቶ የቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨው በቂ ነው፣ ጠዋትና ማታ። ጨው ባበዛሁ ቁጥር ቶሎ ይድናል የሚሉ አሉ፣ አይድንም ያቃጥላል እንጂ። ከምግብ በኋላ በንጹህ ውሃ ብቻ። የአፍ ማጠቢያ ከገዛሽ አልኮል የሌለበትን። የጥርስ ብሩሽሽን አዲስ ቀይሪ፣ በጣትሽም ዘንጉን አታዟዙሪው፣ ኳሶቹ ግን ስለሚላሉ በቀን አንዴ እጅሽን ታጥበሽ አጥብቂያቸው፣ ተኝቶ የዋጠ ሰው አውቃለሁ። መሳሳምም እስኪድን ይቆይ።

ጥያቄ፦ ከደሴ ሆጤ ነኝ፣ ከተበሳሁ 5 ቀኔ ነው፣ ቀዳዳው ዙሪያ ነጭ ነገር ይወጣል፣ መግል ነው ወይ? ዘንጉን ላውጣው? ቅዳሜ ከልጆች ጋር እቅማለሁ፣ ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀጭን ነጣ ያለ ወይ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ፈሳሽ ቁስል ሲድን የሚወጣ ነው፣ አትፍራ። መግል ወፍራም ነው፣ ይሸታል፣ ህመሙም ቀን በቀን ይብሳል። መግል ቢሆንም ግን ዘንጉን ራስህ አታውጣው፣ ቀዳዳው በሰዓታት ሊጠብና መግሉ ውስጥ ሊታፈን ይችላል፣ ሀኪም ይየው። እብጠቱ ወደ አገጭህ ስር ከወረደ፣ ትኩሳት ብርድ ብርድ ካለህ፣ መዋጥ ወይ መተንፈስ ከከበደህ፣ ደሙም አልቆም ካለ እስኪነጋ አትጠብቅ፣ በዛው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሂድ። የአፍ ወለል ኢንፌክሽን መተንፈሻን የሚዘጋበት ጊዜ አለ፣ ያኔ የሚቆጠረው በሰዓት ነው።

ጫቱን እስኪድን ተው፣ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ነው። ቅጠሉ ዘንጉ ስር እየገባ ይቀራል፣ ከሱ ጋር ለውዙና ሲጋራው አለ፣ ጭሱ ብቻውን መዳንን ያዘገያል። ልጆቹ ቢቆጡም ይረዱሃል።

ጥያቄ፦ ተበስቼ ሁለት አመት ሆነኝ። ከታች የፊት ጥርሶቼ ጀርባ ድዴ ወደ ታች የሸሸ ይመስላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ዘንጉን ወደ ጥርስሽ እየገፋሽ የመጫወት ልማድ አለሽ መሰለኝ፣ ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም እዛው ቦታ ነው። የሸሸ ድድ በራሱ አይመለስም፣ ጌጡ እያለ ደሞ መሸሹ ይቀጥላል። ዛሬውኑ አውጪውና ጥርስ ሀኪም ጋር ሂጂ፣ ጥርሱ እየተነቃነቀ መሆን አለመሆኑን ያይልሻል። ቀዳዳው ከሁለት አመት በኋላም ቶሎ ይጠባል፣ ጠባሳው ግን ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።