ምህንድስና ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ልጆቼ፣

የጎረቤቴ ልጅ ፍሬሽማን ልትጨርስ ነው። «ጋሼ፣ ሂሳብ እወዳለሁ፤ ምህንድስና ልግባ?» አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ጣና ዳር ይዣት ወረድኩ።

እንጨት የጫነ ታንኳ እየደረሰ ነበር። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል፣ ያ ሐይቅ ዳር የሚበቅለው ተክል፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፤ አየር ስለሚይዝ ይንሳፈፋል። ግን እየዋለ ሲያድር ውሃ ይመጥጣል፣ ይከብዳል። ለዚህ ነው ከሥራ በኋላ ዳር አውጥተው የሚያደርቁት። ታንኳ ሠሪው ይህን የተማረው ከአባቱ ነው። መሐንዲስ ደግሞ ገና ሳይሠራ፣ ምን ያህል እንደሚሸከምና በምን እንደሚበላሽ በቁጥር መናገር አለበት። ሂሳቡ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሂሳብ ብቻውን ግን እኔን ጉድ ሠርቶኛል። ሥራ እንደጀመርኩ ለአንድ የገጠር መንገድ ከልቨርት (ውሃ ከመንገዱ ሥር የሚያሳልፍ ቱቦ) ዲዛይን አደረግኩ። ስሌቱን ሦስቴ አይቼዋለሁ። የዝናብ መረጃው ግን ከሩቅ ጣቢያ የመጣ ነበር። ሳይት ላይ አንድ አባት ከዘራቸውን ግራር ላይ አስደግፈው «ልጄ፣ ሐምሌ ላይ እዚህ ድረስ ይሞላል» አሉኝ። እሺ አባቴ አልኩና ወረቀቴን ሳልነካ ሄድኩ። (ያኔ ዲግሪዬ ገና ትኩስ ነበር።) ክረምት ሲገባ ደለልና ግንድ ቱቦውን ደፈነው። ውሃው በላይ አልፎ መንገዱን ቆርጦት ሄደ። በኋላ ሳገኛቸው ቡና አስፈሉልኝ እንጂ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ምህንድስና ሲባል ሲቪል (መንገድ፣ ድልድይ፣ ሕንጻ) ብቻ አይምሰላችሁ። የጣና በለስን የኃይል ማመንጫ ውሰዱ። ውሃው ከሐይቁ በዋሻ ይሄዳል፣ ተርባይን ያዞራል፣ ከዚያ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀቃል። የማመንጨት አቅሙ 460 ሜጋዋት ነው። ዋሻውን የሲቪል ሰው፣ ተርባይኑን መካኒካል፣ ጄኔሬተሩን ኤሌክትሪካል ነው የሚያስበው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ ላይ ስትሻገሩም ቁመናውን ብቻ አትዩ፤ ስንት ሰው ስለ ወንዙ አፈር ተጨንቆ እንዳደረ አስቡ።

ትምህርቱ 5 ዓመት ነው። ከዚያ አቧራ፣ ከቤት መራቅ፣ መጀመሪያ ላይ ቀጠን ያለ ደመወዝ። «ኢንጂነር» መባል ብቻ ከሆነ የሚስባችሁ ቶሎ ይሰለቻችኋል።

ይህን ሁሉ ስቀባጥርላት ልጅቷ ዓይኗን ከታንኳው አልነቀለችም። ድንገት ቀዛፊውን «ስንት ኩንታል ይችላል?» አለችው።

ሰውየው ሳቀና «ሲደርቅ ነው ወይስ ሲርስ?» አላት።