ቦስተን እንዴት ወደቀ? ጥያቄ ለጋሽ ቅርጫት

ግንቦት 2017 ዓ.ም.። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) የአምናው ሻምፒዮን ቦስተን ሴልቲክስ በኒውዮርክ ኒክስ 4 ለ 2 ተሸንፎ ከምሥራቁ ግማሽ ፍጻሜ ወጥቷል። ጋሽ ቅርጫት ጥያቄ ይቀበላሉ።

የሌሊት ወፍ፦ ጋሼ፣ አዲስ አበባ ሆኜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እየተነሳሁ ነው ያየሁት። በሜዳችን ሁለቴ በ20 ነጥብ መርተን እንዴት እንሸነፋለን?

ጋሽ ቅርጫት፦ ይኼን ስጠብቅ ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ 60 ሶስት ነጥብ (ከሩቅ የሚወረወረውን) ሞከርን፣ 15 ገባ። 45 መሳት የፕሌይኦፍ፣ የጥሎ ማለፉ ዙር፣ ሪከርድ ነው። በሁለተኛው 40 ሞክረን 10 አገባን። ደምረው፣ ከመቶ 25! ውጤቱ ደግሞ 108 ለ 105 በጭማሪ ሰዓት፣ ቀጥሎ 91 ለ 90። በየጨዋታው መደበኛ ሰዓት አንዲት ሶስት ነጥብ ብትጨመር ሁለቱንም አሸንፈን ነበር።

ግን ዕድል ነው እንዳትሉኝ። ኮከባችን ታተም ቁመቱ 2 ሜትር ከ3 ሳንቲም ነው። አጭሩ የኒክስ ብሩንሰን ፊቱ ሲቆም ጀርባውን ሰጥቶ እየገፋ መግባት ነበረበት። ታተም ግን ወደኋላ ተስፈንጥሮ ይወረውራል። በሁለቱ ጨዋታ ከ42 ሙከራ 12 ብቻ አገባ። ሶስት ነጥብ ጠላት አይደለም፣ አምና 18ኛውን ዋንጫ ያመጣልን እሱ ነው። በ20 እየመራህ መቸኮል ነው ጠላቱ።

አረንጓዴ ማልያ፦ አሰልጣኙ ይባረር?

ጋሽ ቅርጫት፦ የትኛው ጨዋታ ላይ ምን አጠፋ? ጨዋታውን ሳትጠቅሱ አትጠይቁኝ።

የብሮንክሱ፦ ሰበብ አታብዙ። ሁለቱንም ጨዋታ የጨረሰው የኛ የኒክሱ ብሪጅስ ነው። መጀመሪያ ኳሷን ከቦስተኑ ብራውን ነጠቀ፣ ቀጥሎ ከታተም።

አረንጓዴ ማልያ፦ ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዋንጫ ያላየ ሰው ደግሞ ይናገራል!

የብሮንክሱ፦ የስድስተኛውን ጨዋታ ውጤት አስታውሰኝማ? 119 ለ 81 ነበር መሰለኝ።

ጋሽ ቅርጫት፦ በቃችሁ! የብሪጅሱ ግን እውነት ነው። ኒክሶች እሱን ለማምጣት አምስት የአንደኛ ዙር ምርጫ፣ ማለትም አዲስ ተጫዋች የመምረጥ ተራ፣ ሲሰጡ እኔም ስቄባቸው ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ታተም መቼ ይመለሳል?

ጋሽ ቅርጫት፦ ሐኪም አይደለሁም። አራተኛው ጨዋታ ላይ 42 ነጥብ አግብቶ፣ ሊያልቅ ሶስት ደቂቃ ሲቀረው የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። ሌላው የሊጉ ኮከብ ዱራንት በ2019 እ.ኤ.አ. ይኸው ደርሶበት ቀጣዩን ሲዝን ሙሉ አልተጫወተም። ከዚያ ወዲያ አትጠይቁኝ።

ቀበና፦ የኛው ፖርዚንጊስስ ምን ነካው?

ጋሽ ቅርጫት፦ አሞት ነበር። ቀጥሉ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ለከርሞ ዋንጫ እናስባለን?

ጋሽ ቅርጫት፦ አናስብም። ታተም የለም፣ የቡድኑ ጠቅላላ ደሞዝም ሊጉ ያስቀመጠውን ሁለተኛውን ጣሪያ አልፏል። ከዚያ በላይ የከፈለ ቡድን የሁለት ተጫዋች ደሞዝ አዳብሎ በአንድ ትልቅ ተጫዋች መለወጥ አይፈቀድለትም። ከነባሮቹ የሚሸኝ አለ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ግን ለምን ተሸነፍን?

ጋሽ ቅርጫት፦ ልጄ፣ ከላይ አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ አነበብኩ። ዕድል ነው ማለት ነው?

ጋሽ ቅርጫት፦ አላነበብክም።

የሌሊት ወፍ፦ ጋሼ፣ እኔስ? ኒክስ በቀጣዩ ዙር ከኢንዲያና ሲጫወት ልነሳ ወይስ ልተኛ?

ጋሽ ቅርጫት፦ ተነስ። ኳሷን ተዋት፣ የብሪጅስን እጅ ተከተል።