ለደብረ ብርሃኗ እናት፦ ከእህሉ ጀምሪ

ሰላም እህቴ። ሁለት ልጆች ብቻሽን እያሳደግሽ ደመወዝሽ ወሩ ሳይጋመስ እንደሚያልቅ ጽፈሽ ከየት ልቀንስ ብለሻል። እኔ ብሆን ከእህሉ እጀምራለሁ። ከሱቅ በኪሎ መግዛት ነው ኪስ የሚያራቁተው። ታኅሣሥና ጥር ላይ አዲስ እህል ገበያ ሲገባ ዋጋው ረገብ ይላል፣ ክረምት ሲመጣ ይወጣል። እቁብ ካለሽ ዕጣው ያኔ እንዲደርስሽ ተለዋወጪ፤ ኩንታሉ ከከበደሽ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉት። ጤፉን ከገብስ ጋር አስፈጪው፣ ገብስ እንደሆነ አገራችን ሞልቷል።

ሽሮውንም አተርና ባቄላ ገዝተሽ ራስሽ አዘጋጂ። ጓያ ረከሰ ብለሽ ግን እንዳትታለይ! ዘወትር ከተበላ እግር ያሽመደምዳል። የተፈጨ ርካሽ ሽሮ የምፈራውም ለዚህ ነው፣ ምን እንደገባበት አይታወቅም።

የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው፤ በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ስታልፊ ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ ምጣዱ አንዴ ከጋለ የሳምንቱን ጋግሪበት። የደብረ ብርሃን ብርድ ለዚህ እንኳን ይጠቅማል፣ እንጀራ ቶሎ አይሻግትም።

እድርሽን አትንኪው። አባታቸው በሕይወት ካለ ደግሞ ለልጆቹ ቀለብ መስጠት በሕግ ግዴታው ነው፤ አፍረሽ አትተዪው፣ ፍርድ ቤት ጠይቂ።