ከቨርጂኒያ ዋና ከተማ ከሪችመንድ የሚመጣው የትምህርት ገንዘብ ሲቀየር

አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ያደጋችሁ፣ አሁን አስተማሪ የሆናችሁ ወይም ታናናሾቻችሁን ትምህርት ቤት የምታመላልሱ ልጆች፦ «ስቴቱ ለትምህርት በጀት ጨመረ» ሲባል ቶሎ አትፈንድቁ፤ «ቀነሰ» ሲባልም ቶሎ አትደንግጡ። መጀመሪያ አንድ ቁጥር ፈልጉ።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሎካል ኮምፖዚት ኢንዴክስ ይባላል። የአካባቢውን አቅም ይለካል፤ 50 በመቶው ከቤትና ከመሬት ዋጋ፣ 40 በመቶው ከነዋሪው ገቢ፣ 10 በመቶው ከሽያጭ ነው። በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ ጣሪያው 0.8 ነው። አሌክሳንድሪያ ጣሪያው ላይ ናት። ስለዚህ ስቴቱ በትምህርት በጀት ቀመሩ አስፈላጊ ብሎ ከሚቆጥረው 100 ዶላር ወጪ 20ውን ይሰጣል፣ 80ውን ከተማዋ ትሸፍናለች። የአንድ አካባቢ የቤት ዋጋ ከሌላው ፈጥኖ ሲወደድ አካባቢው በወረቀት ላይ ሀብታም ይሆናል፣ የስቴቱም ድርሻ ያንሳል፤ የተከራዩ ቤተሰብ ኪስ ግን ያው ነው። ይህ ትክክል አይመስለኝም።

ደመወዝን እንይ። ስቴቱ 3 በመቶ ጭማሪ አወጀ እንበል። ኢንዴክሱ 0.8 የሆነ ዲስትሪክት 100 አስተማሪዎች አሉት፤ የስቴቱ ቀመር ግን የሚቆጥረው 80ዎቹን ነው። ከ80ው 20 በመቶ፣ ማለትም የ16 አስተማሪ ጭማሪ ብቻ ከስቴቱ ይመጣል። የ84ቱ በከተማዋ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ከተማዋ ካልቻለች ጭማሪው የሚከፈለው ሌላ የሥራ መደብ ታጥፎ ነው።

ቀመር ሲነካ ደግሞ «ቅነሳ» የሚል ቃል እንኳ አይሰማም። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ስቴቱ በ2009 ገንዘብ በሚከፍልላቸው የድጋፍ ሠራተኞች ቁጥር ላይ ገደብ ጣለ። ትምህርት ቤት ያለ ጥገና ሠራተኛና ያለ ጸሐፊ አይውልም፤ ሒሳቡ ወደ ካውንቲውና ወደ ከተማው ዞረ።

የስቴቱ ገንዘብ የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ስለሆነ፣ የቁጥሩ መቀነስ የበለጠ የሚጎዳው ኢንዴክሳቸው ዝቅተኛ የሆኑትን፣ አብዛኛው ገንዘባቸው ከስቴቱ የሚመጣላቸውን የገጠር ካውንቲዎች ነው። 50 ልጆች ቢለቁ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ በ13 ክፍል ደረጃ ሲካፈሉ ለእያንዳንዱ 4 እንኳ አይሞሉም። 24 ልጆች የነበሩበት ክፍል 23 ይሆናል፤ አስተማሪዋ አሁንም ታስፈልጋለች፣ አውቶቡሱም ያንኑ መንገድ ይሄዳል። ገንዘቡ ሄዶ ወጪው ይቀራል።

በጀት ስታነቡ ከእያንዳንዱ ገቢ አጠገብ «በየዓመቱ የሚመጣ ነው ወይስ የአንድ ጊዜ?» ብላችሁ ጻፉ። የኮሮናውን የፌዴራል እርዳታ ለሥራ ለመመደብ የመጨረሻው ቀን ሴፕቴምበር 30፣ 2024 ነበር። በእንዲህ ያለ ገንዘብ ኮምፒውተር መግዛት ይቻላል፤ ቋሚ አማካሪ መቅጠር ግን ጊዜው ሲያልፍ ሰውየውን ማሰናበት ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ የትምህርት ቦርድ ታክስ የመጣል ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ቦርዱ ፊት ብቻ አትቁሙ፤ ከተማው ምክር ቤት ወይም የካውንቲው ቦርድ ዘንድም ሂዱ። ገዥው የበጀት ሐሳቡን በዲሴምበር ያቀርባል፣ ሕግ አውጪዎቹ በጃንዋሪ ሪችመንድ ይሰበሰባሉ፣ አካባቢው የትምህርቱን በጀት አብዛኛውን ጊዜ በሜይ ያጸድቃል፣ አዲሱ የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። ክፍል መዘጋቱን በጁን ሰምቶ መምጣት ከረፈደ ነው። ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ተገኙ።

የመናገሪያ ሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ «ገንዘብ ያንሰናል» በማለት አታባክኑት። የበጀቱን ገጽ ጠርታችሁ የትኛው መደብ እንደተሰረዘና ስንት ልጅ እንደሚነካ ተናገሩ። እናቶቻችሁም በአማርኛ ይናገሩ፤ አስተርጓሚ ግን ከስብሰባው ቀናት ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።