የሕግ ምክር፦ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ የሌሊት ሰዓት፣ የተያዘ ዲግሪና የ50,000 ብር ውል

ጥያቄ፦ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ። ባለፈው ዓመት በነርስነት ተመርቄ ከጥቅምት 1 ቀን ጀምሮ ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል እሠራለሁ። ከሰው ጋር ሆኜ የተለማመድኩት ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው። አሁን በሳምንት አምስት ሌሊት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እገባለሁ። ብቻዬን አራት ሕሙማን እይዛለሁ፤ አንዳንዴ ሁለቱ መተንፈሻ ማሽን ላይ ናቸው። ደመወዜ 9,000 ብር ነው፤ የትርፍ ሰዓት አይከፈለኝም። እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ወደ ሥራ ስሄድ ልቤ ይደልቃል። ልልቀቅ ስል “ሁለት ዓመት ካላገለገልሽ 50,000 ብር ትከፍያለሽ” ይሉኛል። ኦሪጅናል ዲግሪዬም እነሱ ዘንድ ነው። ጥዬ ብወጣ ምን ይደርስብኛል?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ አደራ የምንለው፣ ተረኛ ሆነው ሳሉ ክፍሉን ጥለው እንዳይወጡ ነው። ማሽን ላይ ያለ ሕመምተኛ ተረካቢ አጥቶ ጉዳት ቢደርስበት፣ የሰዓትና የደመወዝ የነበረው ክርክር በእርስዎ ላይ የወንጀል ክስ ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ለመልቀቅ ቢወስኑ እንኳ ሕሙማኑን ተረክቦ በርክክብ መዝገቡ ላይ የፈረመ ሰው ይኑር።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ፤ ጠንካራው ማስረጃዎ እዚህ ነውና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኗል። እርስዎ በሳምንት 60 ሰዓት ይሠራሉ። በቀን ሲሰላ በየሌሊቱ 4፣ በሳምንት 20 ትርፍ ሰዓት ይሆናል፤ በሳምንት ብቻ ይሰላ ቢባል እንኳ 12 ሰዓት ነው። ሆስፒታሉ ሁለተኛውን ስሌት ይዞ መከራከሩ ስለማይቀር ሁለቱንም አስልተው ይቅረቡ። አዋጁ ትርፍ ሰዓትን የሚፈቅደው ለአስቸኳይ ሥራ፣ ለአደጋ ወይም የቀረ ሠራተኛን ለመተካት ለመሳሰሉት ብቻ ነው፤ ያም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሳይበልጥ። ወር በገባ ቁጥር በፕሮግራም የሚመደብ ትርፍ ሰዓት ከዚህ ውስጥ አይገባም።

ክፍያው እንዲህ ይሰላል። 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ነው። 9,000 ብር ለ208 ሲካፈል የሰዓቱ ዋጋ 43 ብር ከ27 ሳንቲም ይሆናል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ስለሚባዛ፣ አንዱ ሰዓት ወደ 75 ብር ከ72 ሳንቲም ይመጣል። በ20 ሰዓት ስሌት በሳምንት ወደ 1,514 ብር፣ በ12 ሰዓት ስሌት ወደ 909 ብር ማለት ነው። ገናን ወይም ጥምቀትን ሠርተው ከሆነ ለይተው ይጻፉት፤ በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት ማባዣው 2.5 ነው። “ደመወዙ ዲዩቲን (የተረኝነት ሥራን) ይጨምራል” የሚል ሐረግ በውሉ ቢኖርም፣ ውል ከአዋጁ በታች ወርዶ የሠራተኛን መብት ሊቀንስ አይችልም።

ጊዜው ግን እየሮጠ ነው። የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ) ይታገዳል። አሁን ግንቦት ገብቷል፤ የጥቅምቱ አልፏል፣ የኅዳሩ ደግሞ በግንቦት መጨረሻ ያልፋል። ለሜትሮኗ (ለነርሶች ኃላፊዋ) በቃል መንገር ይርጋውን አያቋርጠውም። የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት የቀረበ ክስ፣ አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል የቀረበ አቤቱታ፣ ወይም ሆስፒታሉ ራሱ ዕዳውን በግልጽ ማመኑ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለከተማው የሥራና ሥልጠና መምሪያ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የእርስዎ ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርጉበት።

ለማስረጃ የየወሩን የዲዩቲ ፕሮግራም ፎቶ ያንሡ፤ የወሩ ስምና የኃላፊው ፊርማ ጭምር እንዲታይ። ፕሮግራሙ በቴሌግራም ከተላከ መልእክቱን አያጥፉት። የሕሙማንን ካርድ ወይም ፊት ግን በፍጹም አያንሡ። የሕሙማንን ምስጢር መጠበቅ የሙያ ግዴታዎ ነው፣ ሆስፒታሉም ይህን ካገኘ ክርክሩን በእርስዎ ላይ ያዞረዋል።

ስለ ጭንቀቱም ሕጉ ዝም አላለም። የአዋጁ አንቀጽ 92 አሠሪው የሥራው ሂደት አካላዊ ብቻ ሳይሆን ሥነ ልቡናዊ ጉዳት እንዳያስከትል እንዲጠነቀቅ ያስገድደዋል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተለመደው አሠራር አንድ ነርስ አንድ ወይም ሁለት ሕመምተኛ እንድትይዝ ነው፤ አዲስ ተመራቂ ለብቻዋ አራት መያዟ ለእርስዎም ለሕሙማኑም አደጋ ነው። ይህን በአንድ ገጽ ጽፈው ለአስተዳደሩ ያስገቡ፦ ቀን፣ የሕሙማን ብዛት፣ ስንቱ ማሽን ላይ እንደነበሩ፣ አብሮዎት የነበረ ነርስ ስለመኖሩ። የሕሙማን ስም አይግባበት። በስንት ቀን ውስጥ እንዲስተካከል እንደሚጠይቁ ይግለጹ። ደብዳቤው ሁለት ጥቅም አለው፤ ነገ በሕመምተኛ ላይ ጉዳት ቢደርስ አስቀድመው ማስጠንቀቅዎን ያሳያል፣ ካልተስተካከለም ለመልቀቅ መሠረት ይሆናል።

እንቅልፍ ማጣቱንና የልብ ምቱን ሐኪም ይይልዎ። የአእምሮ ሐኪም የሚጽፈው የሕክምና ማስረጃ ከሌላው አያንስም። የሙከራ ጊዜዎን ስለጨረሱ የሕመም ፈቃድ ይገባዎታል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ከሥራ በቀሩ ማግስት ማሳወቅን አይርሱ። ሕመሙን “በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ” አስብሎ ካሳ መጠየቅ ግን ከባድ ማስረጃ ይፈልጋል፤ በዚህ እንዲጀምሩ አንመክርም።

ለመልቀቅ የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይበቃል፤ ምክንያት መስጠትም አይጠበቅብዎትም። ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ የሚቻለው በአንቀጽ 32 ምክንያቶች ነው፤ ለምሳሌ ጤናን የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን እያወቀ አሠሪው ሳያስተካክል ሲቀር። ይህን መብት በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቀራል፤ ፍርድ ቤት ምክንያቱን ካልተቀበለውም እስከ 30 ቀን ደመወዝ ሊያስከፍልዎ ይችላል። በእኛ እምነት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣቱ ይሻልዎታል።

የ50,000 ብሩ ነገር የሚወሰነው ሆስፒታሉ በእውነት ባሠለጠነዎት ልክ ነው። ወጪ አውጥቶ ሌላ ቦታ ልኮ ያሠለጠነና ደረሰኝ ያለው አሠሪ የማገልገል ግዴታ ሊጠይቅ ይችላል። ለአንድ ሳምንት ሌላ ነርስ አጠገብ መቆም እንደዚያ ያለ ሥልጠና አይደለም ብለው ይከራከሩ። የገደቡ ሐረግ፣ ማለትም ውሉን ያፈረሰ 50,000 ብር ይክፈል የሚለው፣ ጸንቶ ቢገኝ እንኳ፣ ግዴታው በከፊል ከተፈጸመ ዳኛ ሊቀንሰው እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1893 ይፈቅዳል፤ ያገለገሉት ወራት ይታሰቡልዎታል።

ዲግሪዎ የእርስዎ ንብረት ነው። በጽሑፍ ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1206 መሠረት እንዲመለስ ክስ ይቀርባል። ሌላ ሆስፒታል ሲቀጠሩ ኮፒና ለማመሳከር የሚታይ ኦሪጅናል እንጂ የሚቀመጥ ኦሪጅናል አይስጡ።

ሲወጡ ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል፤ ለሰባት ወር ወደ 9 የሥራ ቀን ይሆናል። ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። የሥራ ልምድ ማስረጃም ይሰጥዎታል፤ ክርክር ስላለ መከልከል አይቻልም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ የሥራ ክርክር ችሎት ያየዋል፤ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ይህ ሁሉ ለግል ሆስፒታል ነው፤ በመንግሥት ሆስፒታል ያሉ ጓደኞችዎ የሚተዳደሩት በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሆነ አቤቱታቸው በመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ይጀምራል።