ልጄ ምሳውን ሰጥቶ ሆዱን ባዶ ይመጣል

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር ነው። ወንድ ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፣ ኬጂ ይማራል። ምሳ ዕቃው ሁልጊዜ ጥርግ ብሎ ስለሚመጣ «በላልኝ» ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ገና ከበር ሲገባ «ራበኝ» ነው የሚለው። ለካ ግማሹን፣ አንዳንዴም ሁሉንም፣ አጠገቡ ለሚቀመጠው ልጅ እየሰጠ ኖሯል። «የሱ ምሳ ዕቃ ውስጥ ደረቅ ዳቦ ብቻ ነው ያለው» አለኝ። ሰሞኑን ደግሞ ከእህቱ ጋር ሲመለስ የዩኒፎርም ሹራቡን መንገድ ዳር ከእናቱ ጋር ለሚቀመጥ ሕፃን ሰጥቶ፣ በዚህ የጦሳ ተራራ ብርድ በሸሚዝ መጣ። ባለቤቴ ባጃጅ ነው የሚሠራው፤ በየጊዜው ሹራብ የምንገዛ ሰዎች አይደለንም። «ይሄ ልጅ ነገ የሰው መጫወቻ ነው የሚሆነው፣ ከአሁኑ አስተይው» ይለኛል። እኔ ልቆጣው አስብና ዓይኑን ሳየው ያቅተኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ኧረ አብሽሪ የኔ እናት! ሹራቡን እንደርስበታለን፤ ከምሳው እንጀምር።

ልጅሽ ያደረገውን ልብ ብለሽ እይው። ጓደኛው አላለቀሰም፣ አልለመነውም። ምሳ ዕቃ ሲከፈት አየ፣ የራሱንና የሱን አስተያየ፣ ከዚያ እጁን ዘረጋ። ማንም አላዘዘውም። የሰው መጫወቻ የሚሆነው ተገፍቶ፣ ፈርቶ የሚሰጥ ልጅ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አጣሪ፦ ልጁ ምሳውን ቀምቶት ከሆነ ወይም «ካልሰጠኸኝ ጓደኛህ አይደለሁም» እያለው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። አንቺ እንደጻፍሽው ከሆነ ግን አይመስለኝም።

ሆጤ ሰፈር መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረጅም ጊዜ አስተምሬአለሁ። የመስከረም የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ ቤት ነው። አንዱ «እማዬ!» ብሎ ሲጀምር ክፍሉ በሙሉ ይቀበለዋል። አንድ ጊዜ እንዲህ ሲንጫጩ፣ አንዲት ገና ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ከወንበሯ ተነሳች። ብስኩቷን ሁለት ጊዜ ነክሳዋለች። ሄደችና ዋናው አልቃሽ አፍ ውስጥ ከተተችለት። አፉ ለለቅሶ ተከፍቶ ስለነበር አልተቸገረችም። ልጁ ለመጮህና ለማኘክ ሲያመነታ ዝም አለ። እሷም ተመልሳ ተቀመጠች፣ «ጎበዝ» እንድላት እንኳን ዞር ብላ አላየችኝም።

ይህን የእናቶች ወሬ ነው የሚል ካለ፣ ጀርመን ላይፕዚግ ውስጥ ፊሊክስ ዋርነከን እና ማይክል ቶማሴሎ የተባሉ ተመራማሪዎች ሞክረውታል። ውጤቱን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አንድ ሰውዬ ሕፃናት ፊት ልብስ ሲያሰጣ መቆንጠጫው ያመልጠውና ሊደርስበት ያቅተዋል። ወይም እጁ በመጽሔት ተሞልቶ የቁም ሣጥን በር መክፈት ይቸግረዋል። ልጆቹ የ18 ወር ናቸው፣ ገና መናገር እንኳን በቅጡ ያልጀመሩ። ከ24ቱ 22ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተነስተው ረዱት።

ለአንቺ የሚጠቅምሽ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ያወጡት ነው። ለረዱበት መጫወቻ የተሸለሙ የ20 ወር ልጆች፣ በኋላ ላይ ሽልማት ካላገኙት ያነሰ ረዱ። በቃል መመስገን እንዲህ አላደረጋቸውም። እና ለባልሽ ንገሪው፦ ልጁን መስጠት ማስተው የምር ከፈለገ፣ ባካፈለ ቁጥር ከረሜላ ይግዛለት። እኔ ግን አልመክርም።

ልጆች ርኅራኄውን ይዘው ይመጣሉ፤ የሚጎድላቸው ዘዴው ነው። ትንሿ ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ረመዳን ሲጾሙ ከንፈራቸው ደርቆ አየች። ወዲያው በፕላስቲክ ኩባያዋ ውሃ ይዛ ሄደች። «ጾም ነኝ የኔ ልጅ» ሲሏት በማግሥቱም ይዛ ሄደች። ቢቸግራቸው «ማታ አዛን ሲል አምጪልኝ» አሏት። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ኩባያዋን ይዛ በራቸው ላይ ትቆማለች፣ የኢፍጣር ሳምቡሳም ይደርሳታል። ማዘኑን ማንም አላስተማራትም፤ ሰዓቱን ግን አስተማሯት። ልጆች ሲሰጡ ራሳቸው የሚወዱትን ይሰጣሉ ይባላል። ለጥቂት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በርክሌይ ላይ ቤቲ ረፓቾሊ እና አሊሰን ጎፕኒክ በሠሩት ሙከራ፣ ብስኩቱን እየተጸየፈች ብሮኮሊ ለምትወድ ሴት የ14 ወር ልጆች ብስኩት ሰጧት፣ የ18 ወሮቹ ግን ብሮኮሊውን። ብሮኮሊ ለማታውቁ፣ ጎመን በሉት።

አሁን ወደ ምሳ ዕቃው። አትከልክይው። «ግማሹ ያንተ ነው፣ መጀመሪያ እሱን ብላ፤ ይሄኛው የጓደኛህ ነው» ብለሽ ለይተሽ ቋጥሪለት። በአሁኑ የጤፍ ዋጋ ይህን ስል አላፍርም አልልሽም፤ ግን እንቁላል ጨምሪ እያልኩሽ አይደለም። ከቤተሰቡ ሽሮ ፍትፍት አንድ ጭልፋ ብትቀንሺ ማንም አይነቃብሽም። አቅም ያነሰ ቀን ደግሞ «ዛሬ የለንም» በይው። የለም ማለትም ይልመድ።

ሥጋ የሠራሽ ቀን ግን ተጠንቀቂ። የኛ ከተማ ነገር ታውቂዋለሽ፤ ጎረቤት በአንድ ሰታቴ ይደግሳል፣ ሥጋው ግን የክርስቲያኑም የእስላሙም ለየብቻ ነው። አምስት ዓመት ልጅ ይህን አያውቅም፣ በደግነት ይሰጣል፣ ያኛው ቤት ገብቶ ይናገራል፣ ከዚያ ሁለት እናቶች ይኮራረፋሉ። ለጓደኛው የምትቋጥሪው ሽሮ ወይም ድንች ይሁን። ፍስኩን ልጅሽ እቤት ይብላ።

ሌላው፣ ነገሩን ለአስተማሪዋ ብቻ፣ ልጆች በሌሉበት ንገሪያት። ምግብ መካፈል የሚከለክሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ የጤና ምክንያትም ሊኖራቸው ይችላል፤ እሷ ታውቃለች። ሰፈር ውስጥ ግን እንዳታወሪ። «ልጅሽን እያበላንልሽ ነው» የሚል ወሬ የደረሳት እናት ልጇን ከዚያ ወንበር ታስነሳዋለች። ልጅሽ ያኔ ጓደኛውን አጣ ማለት ነው።

ሹራቡ ላይ ከባልሽ ጋር ነኝ። ምሳው የሱ ነው፣ ሹራቡ የቤቱ ነው። «የለበስከውን ከማውለቅህ በፊት እኔን ጠይቀኝ» ብለሽ በግልጽ ንገሪው፣ ሳትጮኺ። ሄዳችሁ እንዳታስመልሱት ብቻ! ይልቅ የጠበቡትን ልብሶቹን አብራችሁ ለዩ፣ እሱ ይምረጥ፣ አንቺ እያለሽ በእጁ ይስጥ። ስልክሽን ከቦርሳሽ አታውጪ። ልጃቸውን ለነዳያን ሳንቲም አስይዘው «ፈገግ በል» እያሉ ለቲክቶክ የሚቀርጹ ወላጆች ሳይ ደሜ ይፈላል። ሕፃኑ ተቀባዩን ትቶ ካሜራውን ነው የሚያየው።

ደግሞ ልጅሽን መልአክ አታድርጊው። ነገ ኳስ ሲቀማ ቢነክስ አትደንግጪ፣ ያው ልጅ ነው። ባልሽንም እስቲ ጠይቂው፦ ባጃጁ ላይ አሮጊት ጭኖ «ይተውት እናቴ» ብሎ ሂሳብ ሳይቀበል ልጁ አላየውም?

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው። ሴት ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው። ወንድሟ ከተወለደ ወዲህ ሲያለቅስ ትስቃለች፣ ባለፈው ደግሞ ቆነጠጠችው። እናቴ «ይቺ ልጅ ክፉ ናት» ትላለች። እኔ ፋብሪካ በፈረቃ ስለምሠራ ብዙ አልኖርም። ያሳስባል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እናትህን በአክብሮት «እማዬ፣ ይህን ስም አታውጪባት» በላቸው። ልጅ ያወጡለትን ስም ለመምሰል አይሰንፍም።

የሦስት ዓመት ልጅ ለቅሶ ሲበዛባት በድንጋጤም ትስቃለች። መቆንጠጡ ቅናት ነው፤ የብቻዋ የነበረ ጭን ተወስዶባታል። ስትቆነጥጥ እጇን ያዝና «ያመዋል» በል፣ በቃ። ስብከት አታስረዝም። ዳይፐር ታቀብል፣ ፎጣ ታምጣ፣ እግሩን ቅባት ትቀባው። ብቻቸውን ግን አትተዋቸው። ከፈረቃ ስትመለስ ደግሞ መጀመሪያ እሷን አንሳ፤ ሕፃኑ አይቀየምህም።