ኤልኤንቢው ሳይሆን ውሃው ነው

ወንድሜ፣ ከጅማ፣ ከሕርማታ ሰፈር የጻፍክልኝን አነበብኩት። በ90 ሳንቲ ሜትሩ ዲሽህ ፀሐይ ላይ ስታነጣጥር የፋይንደሩ (የሲግናል መለኪያው) መርፌ ይዘል ነበር። ዝናቡ ከጣለ ወዲህ ግን ፀሐይም ላይ ባዶ ሰማይም ላይ ያው ነው። ኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ያለችውን መቀበያ) ልቀይር ወይ? በዚሁ ዲሽስ የኦሪዮንን የሞለኪውል ደመና (ኮከቦች የሚወለዱበትን የጋዝ ደመና) ማየት ይቻላል ወይ? ነው ጥያቄህ።

ብር አታውጣ። ከዝናብ ጋር የመጣ ችግር ሲነገረኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኬብሉን ከኤልኤንቢው ጋር የሚያያይዘውን ኮኔክተር ነው። ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀልና ኮኔክተሩን ፍታው። የመሃሉ ሽቦ ከጠቆረ ወይ አረንጓዴ ከሆነ አገኘኸው። ንጹሕ መዳብ እስክታይ አንድ ስንዝር፣ ካልበቃም ሁለት ቁረጥ፣ አዲስ ኮኔክተር ግጠም፣ በሚለጠጥ የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ጠቅልለው፣ ኬብሉንም ትንሽ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ተወው፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል። ፎቶው ላይ ያየሁት ፌስታልና ክር የማን ሥራ ነው? ፌስታል ውሃ ያቁራል እንጂ አይከላከልም። የመሃሉን ሽቦ ማግኔት ከያዘው ደግሞ ርካሽ ብረት ነው፣ መዳቡ ቅብ ብቻ፤ ቅቡ ሲላጥ ይዝጋል።

ሰማይ እያጉረመረመ ግን ቆርቆሮ ላይ እንዳትወጣ!

ወደ ደመናህ ልምጣ፤ ይሄን ሳወራ አልጠግብም። ደመናው በአብዛኛው ሃይድሮጅን ነው። ግን አብዛኛው ክፍሉ እጅግ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ በዚያ ብርድ የሃይድሮጅን ሞለኪውል ጭጭ ይላል። በእሱ ፈንታ የሚናገረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሞለኪውሉ ሲሽከረከር ከሚለቃቸው ሞገዶች አንዱ 345 ጊጋኸርዝ ላይ ነው፤ ርዝመቱ 0.87 ሚሊ ሜትር። ያንተ ኤልኤንቢ የሚሰማው ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ነው፣ የሞገዱ ርዝመት ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ። ጭራሽ አይገናኙም። መቀበያው ቢኖርህ እንኳ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሞገዱን ይውጠዋል። አልማ የሚባሉት 66 አንቴናዎች ቺሊ ውስጥ፣ አታካማ በረሃ፣ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አየሩ ደረቅ በሆነበት የተተከሉት ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ክረምት ላይ ካልሲ ሦስት ቀን የማይደርቅበት ከተማ ነው ያለነው። ኮኔክተርህን የበላውም፣ ደመናህን የሚደብቅብህም ያው ውሃ ነው።

ስትጨርስ ፀሐይ ላይ አዙረው። መርፌው ካልዘለለ የኤልኤንቢውን የፕላስቲክ ክዳን እይ፤ ከተሰነጠቀ ውስጡ ረጥቧል፣ ያኔ ቀይር። ካርቶኑ ላይ 0.1 ዲቢ (መቀበያው ራሱ የሚጨምረው ጫጫታ) የሚለውን አትመነው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። ሥራውንም በጠዋት ሥራው። ነጎድጓድ ከሰማህ ፒንሳውን እዚያው ትተህ ውረድ።